ውሃ ያልነካው ብሎን

እዚህ ባሕር ማዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ መልከጼዴቅ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው የለም። ሃምሳ አለቃ ካላችሁ ግን የታክሲ ሹፌሩም፣ ባለ ግሮሰሪውም እጃችሁን ይዞ ጋራዡ ድረስ ይወስዳችኋል። በአዘቦት ቀን ሰው ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት የሚያመላልስ የሻትል ሹፌር ነው። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነው። አገር ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጦሩ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ እዚህም ሽጉጡ የነከሰበት፣ ጠመንጃው የዛገበት አበሻ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። አምስት ሳንቲም አይቀበልም። "እናንተ ብቻ ሃምሳ አለቃ በሉኝ" ይላል እየሳቀ። እየሳቀ ይበለው እንጂ የምሩን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያነሳ ሲጥል ለሚውል ሰው ይቺ ስም ቀላል ነገር አይደለችም።

ጋሽ አለምሰገድ ጠመንጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የመጡት ነሐሴ ውስጥ ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በአውሮራ ጎረቤት ከተማ በሴንቴኒያል ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ስምረት ቤቷ ከዚያ አለፍ ብሎ ሊትልተን የሚባል ከተማ ነው፣ ነርስ ናት። ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ዳማ ሲይዙ እሳቸው ኤልክ የሚባለውን ትልቁን የተራራ አጋዘን ማደን ያዙ። ጠመንጃቸው አዲስ ሥሪት ነው፤ ሆኖም እንደ ድሮው ባሩዱም እርሳሱም የሚገባው በአፈሙዙ በኩል ነው። ከኋላ አውራ ጣት በሚያህል ብሎን ይዘጋል። ብሎኑ መሃል ለመሃል መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለችው፤ ከኋላ ያለችው መለኮሻ ስትመታ እሳቱ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል። ጋሽ አለምሰገድ ከአርባ እርምጃ በላይ አይተኩሱም። እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ካላረዱት ሥጋውን የሚበላላቸው ክርስቲያን የለማ! የዘንድሮው ፈቃድ በዕጣ እስኪደርሳቸው አምስት ዓመት ጠብቀዋል። ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለሆነ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል። ለቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸውም "የመስቀል ክትፎ ዘንድሮ ከእኔ ነው" ብለው በሰው ፊት ቃል ገብተዋል።

"ሃምሳ አለቃ፣ የተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ሄጄ አሥር ጊዜ ተኩሼበታለሁ፤ ክሊን አድርግልኝ" አሉት። "ማኑዋሉ ይኸውልህ። ብሎኑ ተፈትቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ይቺ ቅባት ጥርሱ ላይ ትቀባ፣ ከዚያ በእጅ ብቻ ይጥበቅ ይላል።"

መልከጼዴቅ ከት ብሎ ሳቀ። "ጋሼ፣ መሣሪያ በውሃ? በእኛ ክፍለ ጦር ጠመንጃውን ውሃ ያስነካ ወታደር ሦስት ቀን ነበር የሚታሰረው!"

"እኔ እንጃ፣ መጽሐፉ የሚለውን ነው የነገርኩህ።"

"ይሄን መጽሐፍ የጻፈው ልጅ ሳይወለድ እኔ መሣሪያ ስፈታ ነበር። ለእኔ ይተዉት።"

አይ መልከጼዴቅ! እሱ የሚያውቀው የክላሽ ባሩድ ነው። ይሄኛው ባሩድ ሲነድ ጨው የመሰለ ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸቱ ደግሞ ከውሃ በቀር የሚያስለቅቀው የለም። ዘይት ብታፈስበት ላዩን ያበራና ከሥር ብረቱን ሲበላው ይከርማል። ይህን አለማወቅ ነውር አይደለም። ማኑዋሉ ግን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። መልከጼዴቅ ብሎኑን በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፣ በዘይት ለወሰው፣ በመፍቻ እስኪጮህ ድረስ አጠበቀው። ያቺን ቅባት ክዳኗን እንኳ አልከፈታትም። ጋሽ አለምሰገድ መርቀውት ሄዱ።

በአዲስ ዓመት ማግሥት፣ የአደን ሲዝኑ በተከፈተበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎረቤታቸው ነድቶ ክሬምሊንግ ከምትባለው የተራራ ከተማ በላይ ወዳለው ጫካ ወሰዳቸው። ጎህ ሲቀድ አንድ ወንድ ኤልክ ሰላሳ እርምጃ ላይ መጥቶ ጎኑን ሰጥቶ ቆመላቸው። አምስት ዓመት የጠበቁት ይሄንኑ ነው። አነጣጠሩ፣ ሳቡ፤ ጠ! መለኮሻዋ ብቻ። ባሩዱ ጭጭ። ሌላ መለኮሻ ለወጡ፤ አሁንም ጠ! ኤልኩ ዞር ብሎ አያቸውና፣ ሳይሮጥ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ብሎኑን ፈትተው ሊያዩት ቢታገሉ ንቅንቅ አልል አላቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት መልከጼዴቅ ጋራዥ በር ላይ ታክሲ ቆመ። ጋሽ አለምሰገድ ናቸው፣ ጠመንጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው። እሳቸው ደግሞ ታክሲ ተሳፍረው አያውቁም።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አሉ ገና ሳይቀመጡ።

"እርስዎ? እኔን? ምን አድርገውኝ ጋሼ?"

"አሳምረህ የሰጠኸኝን አበላሸሁት። ኤልኩ ፊት ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ፣ ብሎኑም አልፈታ አለኝ። ቤት ወስጄ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌው ይሆናል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስቀምጬው ይሆናል። አንዱንም አላስታውስም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መርሳት ጀምሬያለሁ መሰለኝ። ባለፈው ወር ድስት እሳት ላይ ጥጄ ወጣሁ። ያኔ ስምረት ዝም ብላኝ ነበር፤ የጠመንጃውን ስነግራት ግን የመኪናዬን ቁልፍ ወሰደች። ሐኪም ቀጠሮ አስይዛለች። ቤቱን ሽጠህ እኔ ጋ ግባ እያለችኝ ነው። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው።"

መልከጼዴቅ ብሎኑን ሳይነካው ገና ነገሩ ገብቶታል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ማለት ስንት ቃል ነው? ሦስት። ሦስት ቃል እኮ ነው፣ ሰዎች! ግን እኒህ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ብለው ይቅርታ እየለመኑት፣ እሱ ደግሞ አፉን ከፍቶ "መጽሐፉን ንቄ ነው" ይበል?

"አይዞዎት ጋሼ፣ ይፈታል" አለ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ከሥራ እየመጣ ከዚያ ብሎን ጋር ነበር። መጀመሪያ የጎረሰውን ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ በኩል አወጣ፤ ከዚያ ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ጠብ ጠብ እያደረገ አሳደረው፣ በሚስቱ የፀጉር ማድረቂያ አሞቀው፣ በመፍቻ ያዘው፣ ለቀቀው፣ እንደገና አሞቀው። አርብ ከሰዓት ሲጢጥ ብሎ ዞረ። ሲወጣ ያየውን ባላየ በወደደ! ጥርሱ በሙሉ ዝጓል፤ ዝገቱ ያለው ደግሞ ራሱ ካፈሰሰው ዘይት ሥር ነው። ያቺ እሳት የምታሳልፈው ቀዳዳ በዘይትና በጥላሸት ጭቃ ጥርቅም ብላለች።

ከነሐሴ ጀምሮ ከቅባቷ ጋር እዚያው የቀረውን ማኑዋል አንስቶ መነጽሩን አደረገና እንደ ተማሪ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ውሃ አፈላ። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተገው፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ወጋት፣ በመስኮቱ ብርሃን አሻግሮ እስኪያይባት ድረስ ጠረጋት። አደረቀው። ቅባቷን ከፍቶ ጥርሱን ቀባ፣ በሁለት ጣቱ አዙሮ ሲያርፍለት ተወው። ሰዓቱን አየ፤ ሃያ ደቂቃ። የእኒህ ሰውዬ አምስት ዓመት የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ፊቱ ሲግል ተሰማው።

በማግሥቱ ወሰደላቸው። ሲዝኑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። "ጋሼ፣ ይሂዱ፣ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ" አላቸው።

"በቃኝ" አሉ። "መሣሪያውን እርጥብ አድርጎ የረሳ ሰው ነገ ባሩዱን ሁለት ጊዜ ቢያጎርስስ? ሰው ብገድልስ? አንተ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ውለታህን በምን እከፍላለሁ?"

ምስጋናውን ተቀበለ። አይኑን በጨው አጥቦ፣ "ምን አደረግኩና ጋሼ" ብሎ ተቀበለ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ተቀመጠ። ቤታቸው በር ላይ የቆመችውን መኪናቸውን ቅጠል አልብሷታል።

የመስቀል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ቀርቧል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ባስልዮስ ቀልድ ካማረው የሚመልሰው የለም። "ጋሼ፣ ክትፎው የት ደረሰ? ኤልኩ ቪዛ ተከለከለ እንዴ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሽ አለምሰገድ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። "ኤልኩማ መጥቶ ነበር" አሉ። "የደከምኩት እኔ ነኝ። ሃምሳ አለቃ አሳምሮ የሰጠኝን መሣሪያ እርጥበት አስነክቼ አዛግኩት። እርጅና ነው እንግዲህ። እሱ ግን ሦስት ቀን ለፍቶ አዳነልኝ። አጨብጭቡለት!"

ተጨበጨበ። መልከጼዴቅ አሁንስ በቃ ብሎ ብድግ አለ።

"እሳቸው አይደሉም" አለ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በውሃ ማጠብ ሲገባኝ በዘይት ለውሼ ሰጠኋቸው።"

ከዚያ ባስልዮስ እጁን አነሣና "አያችሁልኝ!" አለ። "የጨዋ ልጅ ማለት ይሄ ነው! የሽማግሌን ጥፋት በራሱ ሲያላክክ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። ምን ይደረግ? እኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ ብርጭቆ ሲሰብር አጠገቡ ያለው ሰው "እኔ ነኝ የነካሁዎት" ይላል፤ ሁሉም ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ሁሉም ይመርቀዋል። መልከጼዴቅ "የምሬን ነው፣ እውነቴን ነው!" ቢል ጭብጨባው ባሰ። ተቀመጠ። ጋሽ አለምሰገድ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ ያክብርህ። ግን ለእኔ ብለህ በቤተ ክርስቲያን አትዋሽ" አሉት። ከሁሉ ከሁሉ ያሳፈረው ግን ሌላ ነው። እልልታው ሲሰማ፣ ለአንድ አፍታ፣ ደስ ብሎት ነበር። ተናግሬያለሁ፣ ካላመኑኝ የእኔ ጥፋት አይደለም የሚል ሐሳብም ብልጭ ብሎበት ነበር። ወይ አለማፈር!

ሰኞ ከሥራ ቀርቶ ሴንቴኒያል ሄደ። "ጋሼ፣ ጠመንጃውን ያምጡልኝ" አለ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፈ፤ ብሎኑን በጣቱ ፈትቶ ፊታቸው አስቀመጠው።

"ይዩት። ላዩን ዝገት የበላው ቦታ አለው?"

"የለውም።"

"በእርጥብ ጨርቅ ጠርገውት ቢሆን የሚዝገው ላዩ ነበር። ጥርሱን ይንኩት። የተበላው ከውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከእኔ በቀር የገባ የለም። ማኑዋሉን ንቄ ሳላጥበው ዘጋሁት። ትናንት ለጨዋነት አልነበረም የተናገርኩት። እርስዎ ምንም አላደረጉም።"

ጋሽ አለምሰገድ ብሎኑን አነሡ። የተበላውን ጥርስ በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ። መልከጼዴቅ ስድቡን ጠበቀ። በጥፊም ቢሉት ደስታው ነበር።

"እንግዲያ አልረሳሁም?" አሉ በመጨረሻ።

"የጠመንጃውን አልረሱም ጋሼ።"

"እኔ እኮ..." አሉና አልጨረሱትም። መሐረባቸውን ፈልገው አይናቸውን ጠረጉ። "ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በየጠዋቱ ስነሣ፣ ስሜንና ስልክ ቁጥሬን ለራሴ እየጠራሁ እፈትሽ ነበር።"

መልከጼዴቅ አንገቱን ደፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ግን አትከፈትም፣ ሰውየውም ፊት ለፊቱ ናቸው። "ይቅር ይበሉኝ" አለ።

ጋሽ አለምሰገድ ስልካቸውን አወጡ፣ አንድ ቁጥር ነክተው ድምፁን ከፍ አደረጉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ለስምረት ንገራት" አሉት። "እኔ ብነግራት አታምነኝም።"

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። "አባዬ፣ አር ዩ ኦኬ? አሁን ደግሞ ምን ረሳህ?" አለች ስምረት።

ጋሽ አለምሰገድ አይናቸውን ጨፈኑ።

"ስምረት፣ መልከጼዴቅ ነኝ" አለ። ሃምሳ አለቃ አላለም። "አባትሽ ምንም አልረሱም። ጠመንጃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እጠብልኝ ሲሉኝ ሳላጥበው ሰጠኋቸው። እሳቸው በራሳቸው ሲያሳብቡ ዝም አልኩ።"

በዚያኛው ጫፍ በር ተዘጋ፤ የሆስፒታሉ ጫጫታ ራቀ። ከዚያ ስምረት፣ ቀስ ብላ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አለችው።

ጋሽ አለምሰገድ አይናቸውን ገልጠው እሱን አዩት። ይህን እሳቸውም አልጠየቁትም ነበር።

"ቁልፉን እንደወሰድሽባቸው ከነገሩኝ ቀን ጀምሮ" አለ መልከጼዴቅ።