«በጣም ደህና ነው»

መርዶው በተነገረ ማለዳ ቢቸና አያቴ ቤት የነበርነውን ልዘርዝር። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ የአያቴ የነፍስ አባት ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ታላቁ አጎቴ፣ የአያቴ የበኩር ልጅ። ከአጎቴ ቀጥሎ እናቴ። ምንጣፉ ላይ፣ ራሷን ተላጭታ፣ የሟቹ ሚስት፤ በዋዜማው ከሞጣ መጥታ አያቴ እንዳታያት ጎረቤት ቤት ነው ያደረችው። ከእሷ ኋላ ለማልቀስ የተጠሩ ሁለት የሰፈር ሴቶች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አያቴ ከጓዳ ገና አልወጣችም። ከስቶክሆልም ከገባች ሁለተኛ ማለዳዋ ነበር። ሟቹ ታናሽ ወንድሟ ነው።

የሄደችው በሰኔ ነው። የመጨረሻ ልጇ፣ አክስቴ፣ ስቶክሆልም ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ክረምቱን እኔ ዘንድ ትክረም ብላ ትኬት ላከች። ወንድሟ ሊሸኛት ከሞጣ ድረስ መጣ። እዚያ በዚህ ወር በጋ ነው ሲሉት፣ «እንግዲህ ጭቃውን ለእኛ ጥለሽ አንቺ በጋ ለበጋ ልትዞሪ ነው» አላት። እሷም በተራዋ ጭቃ ለምዶህ የለ ብላ መለሰችለት። ሲተያዩ የመጨረሻቸው ነበር።

በሐምሌ ታመመ፣ ብዙም ሳይተኛ ሞተ። እናታቸው እሱን እንደወለደች ነው የሞተችው፤ ራሷ ልጅ ሆና አዝላ ያሳደገችው አያቴ ናት። አጎቴ ከቀብር እንደተመለሰ አክስቴ ዘንድ ደወለና ነገራት፤ ለእማ እንዳትነግሪ አላት። አያቴ የደም ብዛት አለባት፤ ብቻዋን አውሮፕላን ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? ስትመጣ ቤቷ ውስጥ በወጉ እንነግራታለን ተባለ። ማንም አልተቃወመም። እኛ ዘንድ ሩቅ አገር ያለ ሰው መርዶውን የሚሰማው ቤቱ ሲገባ ነው።

አያቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠዋለን። ሰላምታዋ ረጅም ነው፤ ሰዉን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ከቀብሩ በኋላ ባለው እሑድም እንደዚያው ጠየቀች። ጎረቤታችንስ? አጎቴ ጉልበቱን አሞት ቤት እንደዋለ፣ ሐኪሙንም ሲሳደብ እንደሰነበተ ነገራት። የየጥኖራው አማታችንስ? ጊደር ጠፍታበት ሦስት ገበያ ሲፈልግ ከረመ። ወንድሜስ?

«በጣም ደህና ነው» አለ አጎቴ።

አያቴ የሚቀጥለውን ሰው ጠየቀች። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ምንም አልታወቀኝም።

በኋላ እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት፣ «ሰው በሕይወት እያለ በጣም ደህና ሆኖ ያውቃል?» አለችኝ። ያወቀችው በዚያች እሑድ ነው።

ከዚያ ወዲያ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለአርባው መድረስ። በአርባኛው ቀን ፍትሐት ይደረጋል፣ ካህናትና ነዳያን ይበላሉ። ያሳደገችው እህት ካልተገኘች ማን ይገኛል? ግን አውቄያለሁ ማለት አልቻለችም። አክስቴም መርዶውን እንደምታውቅ አያቴ ከፊቷ አይታለች። አንዴ ከተነገረ ልጇ ታለቅሳለች፤ በዚያ አገር ደግሞ ይዞ የሚያባብላት ዘመድ የላትም። ስለዚህ ሌላ ሌላ ምክንያት ታመጣ ጀመር። ፍልሰታን አገሬ ልጹም አለች። አክስቴ እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እኔ አደርስሻለሁ አለቻት። ዶሮዎቼ አለች።

«ለዶሮ ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው አለ፣ እማ?» አለቻት አክስቴ። ትኬቱ የመስከረም ነው፤ አልቀየረችውም።

ይልቁንም ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ በየቀኑ ታዞራት ጀመር። ፎቶዎቹ እኔ ጋ አሉ። በአንዱ አያቴ ጀልባ ላይ ናት፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የጠርዙን ብረት በሁለት እጇ ይዛ። በሌላው መናፈሻ ውስጥ አይስክሬም ይዛለች፤ አልቀመሰችውም፣ ከእጇ ላይ እየፈሰሰ ነው። በሁሉም የአክስቴ ትንሽ ልጅ አጠገቧ አለች። አያቴ አትስቅም፣ አታዝንምም። ቁሚ የተባለችበት ቆማለች።

አንድ ቀን ለዘመድ ሁሉ ስጦታ ሊገዙ ሱቅ ገቡ። አክስቴ የወንድ ካፖርት አንሥታ፣ «ይሄ ለሞጣው አጎቴ ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻት። አያቴ በስንዝሯ ለካችው።

«እጅጌው ይረዝምበታል» አለች።

አክስቴ አጠር ያለውን ገዛች።

አርባው ከፍልሰታ በኋላ ሞጣ ወጣ። ቤተሰቡ በሙሉ በግንደወይን መንገድ ጭቃውን እየገፋ ሄደ፤ እኔ ቤት እንድጠብቅ ቀረሁ። አያቴ ቀኑን በልቧ ቆጥራ ይዛዋለች። በዚያን ቀን አክስቴ ሐይቅ ዳር ወሰደቻት። አያቴ ዳቦ ቆርሳ ለወፎቹ በተነች፤ ትንሿ ልጅ እየሳቀች አብራት በተነች። «ነዳያን የሚቀመጡበትን አላውቅም። ለወፍ ሰጠሁ» አለችኝ በኋላ፤ ድምፅዋ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ነበር።

እንግዲህ በዚያ ማለዳ ከጓዳ ስትወጣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዙራ ለብሳ ነበር። የነፍስ አባቷ ብድግ አሉ። «እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ወሰደ፤ ወንድምዎ…» ብለው ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

«አውቄዋለሁ፣ አባ። አርባው ወጣ?»

አጎቴ ወለሉን እያየ፣ «ወጥቷል፣ እማ» አለ።

«እንግዲያስ ተቀመጡ» አለች።

ሁለቱ ሴቶች ልቅሶውን ጀምረው አቆሙ፤ ይቀጥሉ አይቀጥሉ አላወቁም። የሟቹ ሚስት ብቻዋን አለቀሰች። አያቴ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን በተላጨው ራሷ ላይ አሳረፈች። እንባ አልወጣትም። እኔንም አልወጣኝም፤ አክስቴ የገዛችላትን ነጭ የስፖርት ጫማ እያየሁ ነበር፤ ማሰሪያው ሁለቴ ተቋጥሯል።

ረፋድ ላይ አጎቴ ለአክስቴ ደውሎ ለአያቴ እንደተነገራት አሳወቃት። አክስቴ በስልኩ ውስጥ ጮኸች፤ አርባውን ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ አለች። አያቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«መታጠቢያ ቤት ውኃ ከፍተሽ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር» አለቻት። «እዚያ ሳለሁ ልይዝሽ ይገባኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ የምትጠይቀው ስለ አርባው ነው። አጎቴ ወንበርና ድንኳን ሲያመላልስ ስለዋለ ብዙ አላየም። እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። የሟቹ ሚስት በዚያን ቀን ማንን እንዳየች አታስታውስም። እኔ አልነበርኩም። የሰማሁትን ስነግራት ከመሐል የጎደለውን ትለየዋለች፤ «ይሄስ?» ትለኛለች።

ስለዚህ በዚያን ቀን ሞጣ የነበራችሁ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ። ፍትሐቱ ሲደረስ ዝናብ ነበር? ድንኳኑ የተተከለው ከቤቱ በላይ ነው ወይስ በታች? ነዳያኑ ጠግበው ሄዱ? የሟቹን ልጆች ማን ያዘ? በእህት ቦታ የተቀመጠችውስ ማን ነበረች፣ ወይስ ቦታው ባዶውን ዋለ?