እግሬ የለም

የወይራ ዘይት በከፈትኩ ቁጥር የወንድም ጌቱ መዳፍ ይሸተኛል። ዛሬም ሰላጣ ልሠራ ከፍቼው ደሜ ፈላ።

ልጅ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባል ጎዳና ላይ በተከራየው አዳራሽ፣ ጸሎት መሪው ወንድም ጌቱ የማሚን ግንባር ዘይት ቀብቶ እጁን ጫነባት። ስትራመድ መንገዳገድ ከጀመረች ከርማ ነበር፤ እሱ ግን «ክፉ መንፈስ ነው» ባይ ነበር። ገፋ ሲያደርጋት ወደቀች።

«ለቀቃት! ነጻ ወጣች!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ።

አጠገቧ ተንበረከክኩ።

«ሄሉዬ፣ እግሬ የለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እግሯን ነካ አደረግኩት። «አለ እኮ፣ ማሚ!»

ኋላ ሐኪሟ አስረዳችን። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው፤ ደጋፊ ሴሎች ዙሪያውን ጠቅልለው ይሸፍኑታል። የማሚ ልባስ ተልጦ ኖሯል። እግሯ ነበረ፤ ከአንጎሏ የሚላከው ትእዛዝ ነው መንገድ ላይ የሚቀረው።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድም ጌቱ ሐበሻ ሱቅ አገኘን። የማሚን ዊልቸር እያየ፣ ሳያፍር፣ «ያን ቀን ክፉው መንፈስ እንዴት ጥሏት እንደወጣ ታስታውሻለሽ?» አለኝ።

«አስታውሳለሁ» አልኩት። «ማናችሁም አላነሳችኋትም።»