ከሰላምታ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ

አባቴ የፊታችን ቅዳሜ እንግዳ ይዞ ተራራው ላይ ወዳለችው ኦቾሎ መንደር ሊወጣ ነው። እናቴ ደውላ ስትነግረኝ ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ክፍል ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። መቀመጥ አቃተኝና ሰፈር ሳልደርስ ወርጄ ቀሪውን መንገድ በሩጫ ገባሁ። ይህን የጀመርኩትም በዚያው ደስታ ነው፤ የምጽፈው ግን አያስደስትም።

አባቴ አስጎብኚ ነው። ከቆላው ተነስቶ፣ ዓባያ ሐይቅን ከኋላው እየተወ፣ እንግዳውን በእግር አቀበቱን ያወጣል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት መጡ። ሰውየው ጡረታ የወጡ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ አለን አባቴ። ሚስታቸው በመኪና ዞረው ላይ ሊጠብቋቸው ሄዱ፤ እሳቸው በእግር ካልሆነ ብለው ቀሩ። አባቴ እንደ ልማዱ እጃቸውን ጨብጦ ጤናቸውን ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደማንኛችንም መለሱለት። ከዚያ መውጣት ጀመሩ።

አቀበቱ መሀል ላይ ጨዋታው ተቋረጠ። ሰውየው ቆም እያሉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ ነበር። አባቴ ውበቱ ይዟቸው ነው ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ትንፋሽ አጥሯቸው እንደነበር የገባው ሲወድቁ ነው። የኦቾሎ ሰዎች ሽመናቸውንና እርሻቸውን ጥለው ቃሬዛ ይዘው መጡ። ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ መኪና እስከሚደርስበት ተሸከሟቸው። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ሚስታቸው አባቴን የጠየቁት እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው።

«የልብ መድኃኒት እንደሚወስድ አልነገረህም?»

«ስለ ጤናቸው ጠይቄያቸው ነበር።»

«ምን አለህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ።»



የሥራ ጓደኞቹ ሊያጽናኑት መጡ። ጠይቀሃል፣ መናገር የእሳቸው ኃላፊነት ነበር፣ አንተ ምን ታደርግ አሉት። አባቴ ግን ሰላም አልኳቸው እንጂ መች ጠየቅኳቸው አለ። እኔም አያቴን አስታወስኩ። ልትሞት ጥቂት ሲቀራት እንኳ ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር የምትመልሰው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ተራራውን ተወው። ሙዝ መኪና ላይ እየጫነ ይውላል፣ ይገባል፣ እግሩን ታጥቦ ይተኛል። ተራራው በሚታይበት በኩል ፊቱን አዙሮ አይቀመጥም። እናቴ በዚሁ እንዳይቀር ፈራች። እኔም ፈራሁ፤ አባቴ መንገድ ላይ ካልሆነ አባቴን አይመስልም።

አንድ ቀን ራት እየበላን ሳለ ድፍረቱን ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም፣ «ታዲያ ምን ብለህ ብትጠይቃቸው ይነግሩህ ነበር?» አልኩት።

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ወደ እናቴ ዞረ።

«ከገበያ ስትመለሺ የት ጋ ነው የምታርፊው?»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ» አለች እናቴ። «ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ።»

«ለምን ሁለቴ?»

«ደረቴን ይይዘኛላ።»

እኛ ይህን አናውቅም ነበር። እናቴ የሁላችንንም ፊት አይታ፣ «ይኸው ካገባኸኝ ጀምሮ ገና ዛሬ ጠየቅኸኝ» አለች። ልታስቀን ነበር፤ ማንም አልሳቀም። በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ግፊት ነው ተባለ። አሁን መድኃኒት ትወስዳለች፤ ገበያም የምሄደው እኔ ነኝ።

አባቴ ከዚያ ወደ አስጎብኚዎቹ ሄደ። እመለሳለሁ፣ ግን እንግዳው ከመነሳቱ በፊት ቁጭ ብሎ ይጠየቅ አላቸው፤ ዳገት ሲወጣ የት እንደሚያርፍ፣ ጠዋት ምን መድኃኒት እንደዋጠ። ጥያቄውን መመለስ ያልፈለገ በመኪና ይሂድ። አንዳንዶቹ እንግዳ ይቀየማል፣ ራሱ ኃላፊነቱን ከወሰደ ምን አገባን ብለው ተከራከሩት። እሱ የመለሰላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የወደቀ ሰው ራሱን አይሸከምም።»

በዚህ ሳምንት ተስማሙ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሰውየው ግን አይመለሱም፤ አባቴም ቅዳሜ የሚወጣው እሳቸው በወደቁበት መንገድ ነው።

እንግዶችን ጥሪልኝ ብሎኛልና እኔም መልእክቱን አደርሳለሁ፦ ኑ። የሚያማችሁን ሳትደብቁ ኑ። አቀበቱ የማይሆንላችሁን በመኪናው መንገድ እናወጣችኋለን። ላይ ያሉት ሰዎች በምን መጣችሁ አይሏችሁም፤ ቦታ ለቀው ቁጭ በሉ ነው የሚሏችሁ።