ሰይድ ኮሽ ሳይል መጣ

ዛሬ ካዛንቺስ መኪናዬን ተደግፌ እንደቆምኩ ሰይድ ትከሻዬን መታ ሲያደርገኝ በድንጋጤ ዘለልኩ። የሰይድ መኪና እኮ ከለገሃር ነው የምትሰማው!

ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። ስፖርት መኪኖቻችንን አብረን ዝቅ አስደረግን፣ እንዲጮኹ ብለን የጭስ ማውጫ ማርሚታቸውን አብረን አስቀየርን። «ሸጬ ለቤተሰብ የምትሆን ልግዛ» ባልኩት ቁጥር «እኔ በሕይወት እያለሁ? አታደርጋትም!» የሚለኝ እሱ ነው።

ዞር ስል ከፍ ያለች፣ ኮሽ የማትል የኤሌክትሪክ መኪና ይዟል። ክህደት ለካ ድምፅ የለውም።

ልሰድበው ስል የኋላው መስኮት ወረደ። እማዬ!

«አትቆጣ ልጄ፣ ከሐኪም ቤት እንዲመልሰኝ እኔ ነኝ የጠራሁት። ካንተ መኪና ስወርድ እኮ ሁለት ሰው ነው ጎትቶ የሚያነሳኝ» አለችኝ።

በቃ፣ መኪናዬን ልሸጣት ነው መሰለኝ። እናንተስ፣ እናታችሁን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ የከዳችሁ ጓደኛ አለ?