ባለቤቴ በሽንዲ ኮረኮንች መንገድ ላይ ተኛች

ዛሬ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ስንሄድ ባለቤቴን መኪናዬ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከመሬት ከፍ አድርጌ በሠራኋት አሮጌ ላንድክሩዘሬ ላይ፣ በቆሎ ትሸከም ብዬ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ክብደት የሚሸከመውን የብረት ንጣፍ፣ ደርቤ ነበር። ባዶዋን ስትሄድ እንደ ፍየል ትዘላለች።

ባለቤቴም «ወገቤን ከምሰበር በሚኒባስ ተጋፍቼ እሄዳለሁ» ብላ መኪናዬን መርገጥ ተወች።

ዛሬ ጠዋት ባሌስትራውንም ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተሩንም በገዛ እጄ በመኪናዋ ልክ ቀየርኩ። ማንም አላስገደደኝም።

«የምገባው ሽንዲ ላለችው እህቴ ብዬ ነው» አለች ስትሳፈር።

ሽንዲ ስንደርስ እህቷ ልትቀሰቅሳት የመኪናውን በር ያዘች።

«ተዪያት» አልኳት።

«ምነው አያ፣ አሟታል እንዴ?»

«የለም። መኪናዋ ተሠርታ ነው።»

እናንተስ ለአንድ ሰው ብላችሁ የፈታችሁት መኪና አለ? ጻፉልኝ፤ እሷ እስክትነቃ አነባለሁ።