ፈቃድ ጠባቂዋ

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የሚሠሩት ሁሉ «ቁጭ በይ» ነው የሚሏት። ስም ሆኖ ቀረ እንጂ መጀመሪያ ልመና ነበር። ስልክ ስታወራ ትዞራለች፣ ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው፣ እንደምንም ወንበር ላይ ካረፈችም አንድ እግሯ ጠረጴዛው ሥር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይመታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየተሯሯጠች ካርድ ስታወጣ ካርድ ስትመልስ ኖረች። ካርዱ ከወረቀቱ ጎን ወደ ኮምፒውተርም ሲገባ እሷም አብራ ገባች፤ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርስ ተከታትላ ኮድ መጻፍ ተማረች። «ምን ልትሆኚ ነው?» ሲሏት «እኔ እንጃ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ ነው» ትል ነበር።

ጤና ጣቢያው የሚጠቀምበት የካርድ ፕሮግራም የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም። በየአገሩ ያሉ፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ተባብረው በነፃ የሚሠሩት ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ችግር ያየ ሰው ይጽፋል፣ ማስተካከል የሚችል አስተካክሎ ይልካል፣ ነባሮቹ መርምረው ከተስማማቸው ከዋናው ጋር ይቀላቅሉታል። ይህን የኮርስ አስተማሪዋ ሲነግራት «አይ፣ እንዲህ ያለ ነገርማ ተረት ነው» ብላ ስቃበት ነበር።

ተረት አለመሆኑን ያየችው በመንታዎች ምክንያት ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የፕሮግራሙ አዲስ እትም ለሙከራ እነሱ ዘንድ ተጭኖ ዋለ። አዲስ ያመጣው ነገር ማጽጃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ሲያገኝ ሁለቱን ካርዶች ራሱ አንድ ያደርጋል። ካርድ ክፍሉ ደስ አለው። አራት ሰዓት ገደማ ግን አንዲት እናት አንዷን ሕፃን በደረቷ፣ አንዷን በጀርባዋ አድርጋ ክትባት ክፍል ገባች። ነርሷ የደረቷን ወግታ መዘገበች። የጀርባዋን ልትወጋ መርፌ ስታነሳ ኮምፒውተሩ አሁኑኑ እንደተከተበች ነገራት።

«ተከትባለች ይላል እኮ» አለች ነርሷ።

«ማን? ይቺ? በሕልሟ ነው የተከተበችው?»

«ሲስተሙ ያለሽ አንድ ልጅ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው አንዷን ሲስተሙ ይጠብልኛ!»

ወረፋ የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ቁጭ በይ ግን አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። አንድ የልደት ቀን፣ አንዲት እናት፣ አንድ ስልክ ቁጥር። ማጽጃው ሁለቱን ሕፃናት አንድ ሰው አድርጓቸዋል። ይቺ እናት አፍ ያላት ሆነችና ልጇን አስወጋች፤ የተነገራትን ተቀብላ ዝም ብላ የምትሄድ ብትሆንስ? አዲሱ እትም ደግሞ በሃያ አራት ቀን ውስጥ ፕሮግራሙን ለሚጠቀሙ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ሊለቀቅ ነው። በየጣቢያው ከመንታ አንዱ ሳይከተብ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው ማለት ነው።

በምሳ ሰዓት ምሳዋን ትታ የፕሮጀክቱን ገጽ ከፈተች፣ ተመዘገበች፣ ያየችውን ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ከነባሮቹ አንዱ መለሰላት። ገጹ ላይ የሚታወቀው «አረም ነቃይ» በሚል ስም ነው። «እናመሰግናለን፣ ግልጽ ነው። የሚሠራው ሰው እንፈልጋለን» ይላል። እሷም ወዲያው «እኔ ብሠራው ደስ ይለኛል፤ ይፈቀድልኛል?» ብላ ጻፈችና መጠበቅ ጀመረች።

መጠበቋ አይፈረድባትም። ካርድ ክፍል ውስጥ ሳይፈረም አንዲት ካርድ ከመደርደሪያ አትወጣም። ኪሱ ውስጥ እንኳ ማህተም አያጣም ተብለው «ጋሽ ማህተም» የሚባሉት አለቃዋ ሥራ በጀመረችበት ቀን መጀመሪያ ያሳዩዋት የመውጫ መዝገቡን ነው። ሐኪም ይምጣ ዳይሬክተር፣ ሳይፈርም አይነካም። እሷም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሐኪም «መጀመሪያ ይፈርሙ፣ ዶክተር» እያለች በር ላይ አቁማለች።

በሦስተኛው ቀን ኮዱን ጨረሰች። ላፕቶፗ ውስጥ አስቀመጠችውና ፈቃዱን ጠበቀች። ደረጃ ስትወጣ ስልኳን ታያለች። አውቶቡስ ወረፋ ላይ ታያለች፣ ሳህን ስታጥብ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ታያለች። አራት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ምንም የለም። የጻፈችውን ደጋግማ አነበበችው፤ ድፍረት ይሆን? «ደስ ይለኛል» ማለቷ ይሆን ያስነቀፋት? በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎኑን ትለካው ጀመር። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የተማሪ ደብተር እያረመች ከመነጽሯ በላይ አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያው ሊናድብን ነው ብለው እንዳይመጡ።»

«አልመለሱልኝም።»

«ምኑን? አልጨረስሽውም?»

«ከጨረስኩ ስድስት ቀኔ።»

«ታዲያ ላኪዋ!»

«ሳይፈቀድልኝ?»

«እቴ፣ እኔ ተማሪዎቼን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ውጡና ሥሩ የምላቸው ተለማምጬ ነው። አንቺ ልሥራ ብለሽ ትለማመጫለሽ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ?»

«ሥርዓት አለዋ! ነባሮች ያሉበት ቤት ነው፣ ዝም ተብሎ አይገባም» አለችና ወደ ኩሽና ዞረች። ኩሽናም አላስቀመጣትም፣ ተመለሰች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገጹን ስትከፍተው እንቅልፏ ብን ብሎ ጠፋ። ራሱን «ጥድፊያ» ብሎ የሚጠራ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ መፍትሔ ልኳል። ሁለት መስመር ብቻ ናት። «የልጆቹ ስም የተለያየ ከሆነ ካርዶቹ አንድ አይሁኑ» ነው ነገሩ። ሦስት ሰዎች ጎበዝ ብለውታል። አረም ነቃይም «ጥሩ ይመስላል፣ ልቀላቅለው ነው» ብሎ ጽፏል። የእሷ ጥያቄ እዚያው ከላይ አለ፤ መልስ የሰጠው የለም።

ፊቷ እሳት ሆነ። ላፕቶፑን ጠርቅማው ወጣች። ሥራ ቦታ ደርሳም ሰውነቷ እንጂ ልቧ አልደረሰም፤ የአንዱን ካርድ ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ሰካችው። በአሥራ አንድ ዓመት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጋሽ ማህተም ካርዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው መጡ።

«ቁጭ በይ፣ ምን ነካሽ? ይሄ ሰውዬ እርጉዞች መሐል ምን ይሠራል?»

ሳትወድ ሳቀችና ሁሉንም ዘረገፈችላቸው። እንባዋም ትንሽ መጣ። ጋሽ ማህተም በጥሞና ሰሟት።

«ያ ጥድፊያ የምትይው ማንን አስፈቀደ?»

«ማንንም።»

«ማን ተቆጣው ታዲያ?»

«ማንም አልተቆጣውም፣ ጋሼ። ጎበዝ ነው ያሉት!»

«እንግዲያው እዚያ ቤት መፈረሚያው ሥራው ራሱ ነው ማለት ነዋ፣ ልጄ። እኔ ብሆን አልወደውም፤ ግን ቤቱ የእነሱ ነው።» ካርዱን አቀበሏት። «በይ አሁን ሰውዬውን ወደ ቤቱ መልሺልኝ።»

ልትመልስ ስትሄድ የአራስ ሕፃናት መደርደሪያ ላይ ዓይኗ ተተከለ። አንዱን ሳበች፣ ሌላውን ሳበች። እዚያው ቆማ ቀረች። በስም ቦታ የተጻፈው «ሕፃን» ነው፤ ሁሉም ላይ «ሕፃን»። ወላጆች ስም ቆርጠው እስኪመጡ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ደግሞ የሚሰጡት በእነዚያ ሳምንታት ነው። የመንታዎች ካርድ ጥግ ላይ ብቻ በእርሳስ አንድ እና ሁለት ተብሎ ይጻፋል። ይህን የሚያውቅ የካርድ ክፍል ሰው ነው። የጥድፊያ ሁለት መስመር ሁለት «ሕፃን» ሲያይ ስማቸው አንድ ነው ብሎ ለማጽጃው አሳልፎ ይሰጣቸዋል። እሷ የጻፈችው ግን ስምም አይጠይቅም፤ ዕድሜያቸው ከዓመት በታች ከሆነ ማጽጃው ካርዶቹን ትቶ ሠራተኛውን ይጠይቃል።

በምሳ ሰዓት ላፕቶፑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ቆማ ጻፈች፤ «አራስ ልጆች ስም የላቸውም። ይህ ማስተካከያ እነሱን አያድንም። የእኔ ይኸው።» ይፈቀድልኝ አላለችም። ላከችው። ከዚያ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች።

አራት ቀን ሌላ ምጥ ሆነባት። በአምስተኛው አረም ነቃይ መለሰ፤ «ልክ ነሽ፣ የጥድፊያን አቁሜዋለሁ። የአንቺ ሐሳብ ይሻላል። ግን እህቴ፣ ሠላሳ አንድ ቦታ ነክተሽ ይህን ሁሉ መቼ አይቼ እጨርሳለሁ? የሕፃናቱን ብቻ ለይተሽ ላኪ። መሥራቱንም የሚያሳይ ሙከራ ጨምሪበት። አሥር ቀን ቀርቶናል።»

እውነቱን ነው። ፈቃድ ስትጠብቅ በከረመችባቸው ቀናት እጇ አላርፍ ብሎ ያየችውን ዝርክርክ ሁሉ ስታስተካክል ነበር። አሁን የራሷን ድካም ቁጭ ብላ መልቀም ሆነባት። ይህን ትተዋለች፣ ያን ትመልሳለች፣ ቆንጆ አድርጋ ያስተካከለችውን እያየች «ውይ አንጀቴን!» ትላለች። ሙከራውን እንዴት እንደሚጽፉ ግን አታውቅም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ገጹ ላይ ጠየቀች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመለሰላት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥድፊያ።

«ሕፃን ስም እንደሌለው በምን አውቄ! እኔ ልጅ የለኝ፣ ሆስፒታል ስገባ ራሴን ስቼ ነው። ነይ አብረን እንጻፈው።»

«ልሥራው ያልኩትን ጥያቄዬን አይተኸው ነበር?» አለችው።

«አይቼዋለሁ። እየሠራሽው መስሎኝ ስጠብቅ ስጠብቅ፣ ድምፅሽ ሲጠፋ ትተሽዋል ብዬ ነው።»

ይህን አንብባ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፤ እሷ ፈቃድ ስትጠብቅ፣ እሱ እሷን ሲጠብቅ ኖሯል።

ሊለቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአረም ነቃይ አንድ ቃል መጣ፤ «ተቀላቅሏል።» የምስራቹን ለእህቷ ልትነግር ስትደውል እህቷ እያስተማረች ነበርና ጩኸቷን ተማሪዎቹ ሁሉ አብረው ሰሙት።

እትሙ ከወጣ በኋላ ባለው ሐሙስ አንድ ወጣት አባት ሁለት ገና ስም ያልወጣላቸው ወንዶች ታቅፎ መጣ። ከክትባት ክፍል የነርሷ ድምፅ ኮሪደሩን አልፎ ተሰማ፤

«ኧረ ይሄ ሲስተም ደግሞ መጠየቅ ጀመረ! ‹እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው ወይስ አንድ?› ይላል። ምን ልበለው?»

«ቁጠሪያቸዋ!» ብላ ጮኸች ቁጭ በይ፣ እየጮኸችም ወደዚያው እየሮጠች ነበር። በር ላይ ስትደርስ አባትየው ግራ ተጋብቶ፣ ማስረጃ እንደተጠየቀ ሰው፣ ሁለቱንም ከፍ አድርጎ ለኮምፒውተሩ እያሳየ ነበር።