የእኔና የአትጠገብ ደም

ወገኖቼ፣ ጌታ ለእኔና ለእህቴ ያደረገውን ልናገር ነው የተነሣሁት። እልልታችሁን በሆዳችሁ ያዙልኝ፤ ጉባኤያችን ክልክል ነው፣ የቀበሌ ጥበቃዎቹም በዚህ በኩል ያልፋሉ። ሹክ ቢሉትም የሚሰማ ጌታ፣ ስሙ ይባረክ!

ታላቄ አትጠገብ ጌታን ያገኘችው ቡሬ አግብታ ሳለች ነው። እኔ ያኔ ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ገጠር ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ጾሜን ጿሚ፣ ደብሬን ተሳላሚ። እምነት ለወጠች ብሎ ባሏ ወደ እኛ ሰደዳት። ብዙም ሳትቆይ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሆዷ ተነፋ። "የወፍ በሽታ ነው" ተባለ። ቅጠል ጠጣች፣ ክንዷን ተተኮሰች፤ አልለቀቃትም። ያኔ ጎረቤቱ፣ "ማተቧን በጥሳ ምን ልትሆን ኖሯል? መቅሰፍት ነው እንጂ!" አለ። ወገኖቼ፣ እናቴም ይህንኑ አመነች።

ጤና ጣቢያ ይዣት ስሄድ ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች አገኘን። የጉበት በሽታ ሊያጠኑ የታመመውንም የጤነኛውንም ደም ይቀዳሉ። የእሷን ቀዱ፤ አስታማሚዋ ነሽ ብለው የእኔንም።

አትጠገብ ክረምቱ ሲገባ ሞተች። እጄን ይዛ፣ "ጌታ አልተቆጣኝም፤ ለእማየ ንገሪልኝ" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገር? መንደሩ የደብሩን አፈር ከለከላት፤ ከቡሬ የመጡ የእምነት ወንድሞቿ ከማሳችን ዳር ቀበሯት። እናቴ አልጮኸችም፤ ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። ለገዛ ልጇ! ከሞቷ ይልቅ እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሐኪሙ አስጠሩኝ። "እህትሽን የገደላት የጉበት ቫይረስ ባንቺም ደም ውስጥ አለ፤ ግን አላሳመመሽም። ተሸካሚ ነሽ" አሉኝ።

"የእሷ ሌላ ዓይነት ይሆን፣ ዶክተር?"

"ለይተን አየነው፤ ዝርያው አንድ ነው። እሷን ጥሎ አንቺን ለምን እንደተወሽ እኛም አናውቅም።"

ወገኖቼ፣ እየጾምኩ፣ እየተሳለምኩ በእኔም ደም ውስጥ ነበረ! እንግዲያ መቅሰፍቱ የታለ? መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ፣ "የአትጠገብ ጌታ፣ እኔንም ተቀበለኝ" አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ተቀበለኝ! ክብር ለእሱ ይሁን!

ቤት ገብቼ፣ "እማየ፣ እሷን የገደላት በእኔም ደም አለ። እኔንስ ምን በደለች ሊሉኝ ነው?" አልኳት። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ማሳው ዳር ሄደች። "አትጠገብ! ልጄ!" እያለች ደረቷን ስትመታ ጎረቤት ተሰበሰበ። ያኔ ገና ተለቀሰላት።

ወገኖቼ፣ ተፈወስኩ አልላችሁም። ዛሬም ደሜ ውስጥ አለ። ከመካከላችሁ ታሞ "ምን በድዬ ነው?" የሚል ካለ፣ አትጠገብ እስከ ሞት ያመነችውን ጌታ ይመነው፤ አይጥለውም። የእኔም ዓይን ነገ ቢጫ ቢሆን፣ እናቴ ታለቅስልኛለች። ስሙ ይባረክ።